ረጅም ሁሉ «ሎንግ» አይደለም፦ ለልጆች የእንግሊዝኛ ቃል ትርጉም እንዴት ይነገራል?

በሁለተኛ ክፍል ልጅ የእንግሊዝኛ ደብተር ውስጥ የማይጠፋ አንድ ገጽ አለ። መሐሉ ላይ በማስመሪያ ተሰምሮ ለሁለት ተከፍሏል። በግራ የእንግሊዝኛው ቃል፣ በቀኝ የአማርኛው፣ መካከላቸው ደግሞ የእኩል ይሆናል ምልክት። ሎንግ = ረጅም። ሄቪ = ከባድ። ኦፕን = ከፈተ። ልጁ ሁሉንም ሸምድዶ አሥር ከአሥር ያገኛል። በሳምንቱ «ስለ አባትህ ጻፍ» ሲባል ግን «ማይ ፋዘር ኢዝ ሎንግ» ይላል። መምህሯ በቀይ እስክሪብቶ ታሰምርበታለች። ልጁ ደብተሩን ገልጦ ሲያይ «ሎንግ» አሁንም ረጅም ነው። ታዲያ ማን ነው የተሳሳተው?

የተሳሳተው ምልክቱ ነው። በሒሳብ ውስጥ ከምልክቱ ግራና ቀኝ ያለው ነገር በትክክል አንድ ነው። በቃላት መካከል ግን እንዲህ ያለ እኩልነት ብዙ ጊዜ አይገኝም። አማርኛ በአንድ ቃል የሚጠቀልለውን እንግሊዝኛ ለሁለት ለሦስት ይከፍለዋል፤ ሌላ ቦታ ደግሞ አማርኛ በአምስት ቃል የሚለየውን እንግሊዝኛ በአንዱ ያልፈዋል። ለጀማሪ ልጅ ትርጉም መንገር ማለት ቃሉ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ማሳየት ነው። ጉዳዩ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወስኗል። በ7 ዓመቱ «ሄቪ» የተምታታበት ልጅ በ15 ዓመቱ ፊዚክስ የሚማረው በዚያው ቃል ነው።

ከ«ሎንግ» እንጀምር። «ቶል» የሚባለው ቆሞ ወደ ላይ የሚሄድ ነገር ነው፦ ሰው፣ ባሕር ዛፍ፣ ፎቅ፣ የስልክ እንጨት። «ሎንግ» ደግሞ ለተጋደመ፣ ለተንጠለጠለ ወይም ከጫፍ እስከ ጫፍ ለሚለካ ነገር ነው፦ ገመድ፣ መንገድ፣ ወንዝ፣ ፀጉር፣ እባብ። ጊዜም «ሎንግ» ነው። ልዩነቱን በአንድ ሥዕል ለማሳየት ከቀጭኔ የተሻለ እንስሳ የለም፤ ቀጭኔዋ ራሷ «ቶል» ናት፣ አንገቷ ግን «ሎንግ» ነው። ተራራ ሲመጣ ሁለቱም አይሆኑም፤ ራስ ደጀን «ሃይ» ነው። ደግነቱ አጭር ላይ እንግሊዝኛም ይታረቃል፦ አጭር ሰውም አጭር ገመድም «ሾርት» ናቸው።

ከባድና ቀላልም እንዲሁ ናቸው። አንድ ኩንታል ጤፍ «ሄቪ» ነው፤ ከባድ የሒሳብ ጥያቄ ግን «ዲፊከልት» ወይም «ሃርድ» ነው። ላባ «ላይት» ነው፤ ቀላል ጥያቄ «ኢዚ» ነው። ልጁ «ዘ ኩዌስሽን ኢዝ ሄቪ» ብሎ ከጻፈ ጥያቄውን ኪሎ እየመዘነው ነው። መለያው አጭር ነው፦ «ሚዛን ላይ ይወጣል?» የሚወጣ ከሆነ «ሄቪ» ወይም «ላይት» ይባላል፣ ካልሆነ ሌላኛው። ዝናብ ከዚህ ሕግ ያፈነግጣል፤ ኃይለኛ ዝናብ ሚዛን ላይ ባይወጣም «ሄቪ» ነው። «ላይት» ብርሃንም መብራትም ማለት መሆኑን ደግሞ በዚያው ቀን ባይነግሩት ይሻላል።

በግሶች ላይ ጉዱ ይብሳል። እኛ በርም፣ መጽሐፍም፣ ቴሌቪዥንም፣ ቧንቧም እንከፍታለን። እንግሊዝኛ «ኦፕን» የሚለው ሲከፈት ውስጡ የሚታይ ወይም ክፍተት የሚፈጠርበትን ነገር ነው፦ በር፣ መስኮት፣ ሳጥን፣ አፍ። ቴሌቪዥን፣ ሬዲዮ፣ ቧንቧና መብራት «ተርን ኦን» እና «ተርን ኦፍ» ይባላሉ። «ኦፕን ዘ ቲቪ» የተባለ እንግሊዝ የብሎን መፍቻ ሊፈልግ ይችላል። ዛፍ ላይ የወጣ ልጅ ሲወድቅ «ፎል» ነው፤ ፈተና ሲወድቅ «ፌይል» ነው። እዚህ ላይ ወጥመዱ ድርብ ነው፤ «ፎል» ያለፈ ጊዜ ሲሆን «ፌል» ይሆናል፣ ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ደግሞ «ፌል» እና «ፌይል» መንትዮች ናቸው። ትኬት እንቆርጣለን፤ እነሱ ግን ይገዛሉ፣ «ባይ» ነው። «ካት» ያለ ልጅ ትኬቱን በመቀስ ቀዶታል። ከአያታችን ጋር ስንጫወት እናመሻለን፤ ያ በእንግሊዝኛ «ቶክ» ወይም «ቻት» ነው። «ፕሌይ» ብሎ ከጻፈ አንባቢው አያትየዋ ኳስ ስትራገጥ ይታየዋል። ከክፍል ሊወጣ የተነሳ ተማሪ «መጣሁ» በሚለው ልማድ «አይ አም ከሚንግ» ብሎ በሩን ዘግቶ ሲሄድ ደግሞ ፈረንጁ መምህር ግራ ይጋባል። ለዚህ የሚሆነው «አይ ዊል ቢ ባክ» ነው።

አሁን ነገሩን ገልብጠን እንየው፤ እንግሊዝኛው ሰፍቶ አማርኛው የሚከፋፈልበትን። ሸሚዝ ይለበሳል፣ ጫማና መነጽር ይደረጋል፣ ቀበቶ ይታጠቁታል፣ ሰዓት ይታሰራል፣ ሽቶ ይቀቡታል። ይህ ሁሉ በእንግሊዝኛ «ዌር» ነው። «ዌር = ለበሰ» ብሎ የጻፈ ልጅ ቃሉን ለሸሚዝ ብቻ ያስቀምጠዋል፤ መነጽር ላይ ሲደርስ «አደረግሁ» ከሚለው ተነስቶ «አይ ዱ ግላሲስ» ይላል። ሌላም ነገር አለ፤ «ዌር» ለብሶ መገኘት ነው እንጂ የማጥለቁ ድርጊት አይደለም። እጁን እጅጌ ውስጥ እያስገባ ያለ ልጅ የሚሠራው «ፑት ኦን» ነው፤ አስገብቶ ሲጨርስ «ዌሪንግ» ይሆናል። ክፍል ውስጥ ሹራብ አስወልቆ እንደገና ማስለበስ ሁለቱን በአንድ ደቂቃ ይለያቸዋል። በአሜሪካና በአውሮፓ ያደጉ ልጆቻችን ዘንድ ስህተቱ የሚሄደው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው፤ «መነጽሬን ለበስኩ» ሲሉ የሚሰማው «ዌር» ከአማርኛው ግስ ቀድሞ ስለገባ ነው።

«ኦልድ» ሽማግሌም፣ አሮጊትም፣ አሮጌም፣ የድሮም ነው። «ኦልድ ማለት አሮጌ ነው» የተባለ ልጅ «አይ አም ሰቨን ይርስ ኦልድ» የሚለው ላይ ሲደርስ ቅር ይለዋል፤ በ7 ዓመቱ አርጅቷል? እዚህ ላይ ቃሉን ነጥሎ መተርጎም ዋጋ የለውም። ዓረፍተ ነገሩ በሙሉ «ዕድሜዬ ሰባት ነው» ማለት መሆኑን ነግሮ ማለፍ ነው። «ካዝን» የአጎት ልጅም፣ የአክስት ልጅም፣ ወንድም፣ ሴትም ነው። «ዩ» አንተም፣ አንቺም፣ እናንተም፣ እርስዎም ነው። ጨዋ ሆኖ ያደገ ልጅ አዛውንት መምህርን «ዩ» ማለት አንተ ያለ ሊመስለው ይችላልና እንግሊዝኛ አክብሮትን በተውላጠ ስም ሳይሆን በ«ፕሊዝ»፣ በ«ሰር» እና በድምፅ ለዛ እንደሚገልጽ ሊነገረው ይገባል።

በተለይ የሚያስቸግሩት «ቦሮው» እና «ሌንድ» ናቸው። በአማርኛ ተዋሰና አዋሰ ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፤ አቅጣጫውን የሚለየው መነሻቸው ነው። ልጁ ሁለቱን የእንግሊዝኛ ቃላት እንደ አንድ ቢያያቸው አይፈረድበትም። ለማስተማር አንድ ማስመሪያና ሁለት ልጆች ይበቃሉ። ማስመሪያው ወደ እኔ ከመጣ «ቦሮው»፣ ከእኔ ከሄደ «ሌንድ»። ነገር ግን ሁለቱን በአንድ ክፍለ ጊዜ አታስተምሩ። «ቦሮው»ን ብቻ ለአራት አምስት ቀን አጫውቱበት፤ ሲደላደል «ሌንድ»ን አምጡ። ተቃራኒ ቃላትን ጎን ለጎን ማስተማር ለመምህሩ ያምራል፣ ልጁ ግን ሁለቱንም ይይዝና የትኛው የቱ እንደነበር ይጠፋዋል። ግራና ቀኝም እንዲሁ ናቸው፤ መጀመሪያ ቀኝን ብቻ።

የሰውነት ክፍሎች ገና በመጀመሪያው ሳምንት ስለሚሰጡ ስህተቱም ቶሎ ይጀምራል። እጅ ስንል ከትከሻ እስከ ጣት ጫፍ ማለታችን ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛ ግን አንጓ ላይ ይቆርጠዋል፦ ከአንጓ ወደ ታች «ሃንድ»፣ ከአንጓ እስከ ትከሻ «አርም»። እግርም ቁርጭምጭሚት ላይ ይቆረጣል፦ ከታች «ፉት»፣ ከላይ «ሌግ»። ቀይ ክር ወስዶ የልጁን አንጓና ቁርጭምጭሚት ላይ ማሰርና ድንበሩን በጣት ማስነካት ከማንኛውም የግድግዳ ቻርት ይበልጣል። የእጅ ጣት «ፊንገር» ነው፣ የእግር ጣት «ቶው» ነው፤ «የእግር ፊንገር» የሚባል ነገር የለም። አውራ ጣት ደግሞ ብቻውን «ታም» የሚል ስም አለው።

ወጥ ቤት ስንገባ «ትኩስ» የሚለው ቃል ይጠብቀናል። ትኩስ ሻይ «ሆት» ነው፤ ትኩስ ሥጋ ግን ቀዝቅዞም ቢሆን «ፍሬሽ» ነው። ከምድጃ የወጣ ዳቦ ሁለቱንም ነው። ሚጥሚጣ የበዛበት ምግብም «ሆት» ይባላል፤ ስለዚህ «ኢት ኢዝ ሆት» ሲባል ይፋጃል ወይስ ያቃጥላል የሚለውን የሚለየው ሳህኑ ነው። ነጭ ሽንኩርትን «ዋይት አንየን» ማለት ብልህ ግምት ነው፣ ግን የራሱ ስም አለው፦ «ጋርሊክ»። ስኳር ድንችም «ሹገር ፖቴቶ» ሳይሆን «ስዊት ፖቴቶ» ነው። እንዲህ ዓይነቱን ስህተት በቁጣ አታርሙት፤ ልጁ እያሰበ መሆኑን ያሳያል።

የሰዓት ጉዳይ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። «ሰዓት» አንድ ቃል ሆኖ አራት ሥራ ይሠራል። ግድግዳ ላይ ያለው «ክሎክ»፣ እጅ ላይ ያለው «ዎች»፣ የ60 ደቂቃው ርዝመት «አወር»፣ «ስንት ሰዓት ነው?» ስንል ደግሞ «ታይም» ነው። በዚህ ላይ አቆጣጠሩ በ6 ሰዓት ይለያያል። ልጁ ትምህርት የሚጀምረው ጠዋት በ2 ሰዓት ነው ብሎ «ስኩል ስታርትስ አት ቱ ኦክሎክ» ቢል ሰሚው የሚረዳው ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ብሎ ነው። ባለዘንግ ሰዓት ካለ ማስተካከያው እጅግ ቀላል ነው፦ አጭሩ ዘንግ ከቆመበት ቁጥር ፊት ለፊት ያለውን ማንበብ። ከ1 ፊት ለፊት 7፣ ከ2 ፊት ለፊት 8፣ ከ6 ፊት ለፊት 12 አለ። 12 ቁጥሮች በክብ ላይ ተደርድረው ልዩነቱ ደግሞ ስድስት ስለሆነ ዘዴው ምንጊዜም አይስትም። ለሰላምታ ደግሞ «ጉድ ኢቭኒንግ» ሲገናኙ፣ «ጉድ ናይት» ሲለያዩ መሆኑን አትርሱ፤ አንዱ «እንዴት አመሸህ» ነው፣ ሌላው «ደህና እደር»።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስቱት ግን ልጁ አስቀድሞ አውቃቸዋለሁ የሚላቸው ቃላት ናቸው። ብዙ የባዕድ ቃል አማርኛ ውስጥ ስላለ ልጁ የፈረንጅ የሚመስለውን ሁሉ እንግሊዝኛ ያደርገዋል። ላጲስ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፣ እዚያም ትርጉሙ እርሳስ ነው፤ በእንግሊዝኛ ማጥፊያው በእንግሊዝ «ራበር»፣ በአሜሪካ «ኢሬዘር» ይባላል። ሻርፕ አንገት ላይ የሚጠመጠመው ነው፤ እንግሊዝኛው «ሻርፕ» ግን ስለታም ማለት ነው፣ የአንገቱ «ስካርፍ» ነው። ካልሲም ከጣልያን ነው፣ እንግሊዝኛው «ሶክስ» ነው። ፓንት እዚህ የውስጥ ልብስ ነው፤ «ፓንትስ» በእንግሊዝም እንደዚያው ሆኖ በአሜሪካ ግን ሱሪ ነው። የዕቃ ምልክቶችም አሉ። ሃይላንድ የታሸገ ውኃ ስም ነበር፣ አሁን ማንኛውም የፕላስቲክ ጠርሙስ ሃይላንድ ነው፤ በእንግሊዝኛ «ቦትል» ብቻ ነው። ኦሞና ኮልጌትም እንዲሁ የአንድ ፋብሪካ ዕቃ መጠሪያ ናቸው። «ቲቸር» ብሎ መምህርን መጥራት እኛ ዘንድ የአክብሮት ነው፤ በእንግሊዝኛ አገሮች ግን ተማሪ መምህሩን ብዙ ጊዜ የሚጠራው «ሚስተር» ወይም «ሚስ» ብሎ የቤተሰቡን ስም አስከትሎ ነው።

አንዲት አጭር ቃል ደግሞ አለች፦ «የስ»። «ምሳህን አልበላህም?» ሲባል ያልበላ ልጅ «አዎ፣ አልበላሁም» ይላል፤ አዎ ያለው የጠያቂውን ግምት ነው። እንግሊዝኛ ግን የሚያየው ድርጊቱን ነው። ካልበላህ ጥያቄው በምንም ዓይነት ይምጣ መልሱ «ኖ» ነው፣ ከበላህ «የስ» ነው። ይህን ያልተነገረው ልጅ «የስ» ብሎ ምሳው ይቀርበታል።

እንግዲህ ትርጉሙ እንዴት ይነገር? የመጀመሪያው ሕግ ማብራሪያው ከቃሉ ይቅለል የሚል ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣው የሎንግማን የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ፍቺዎቹን ሁሉ በ2,000 ገደማ መሠረታዊ ቃላት ብቻ ለመጻፍ ራሱን የገደበው ለዚህ ነበር። ለልጅ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይበቃል። «ኪይ ማለት የመቆለፊያ መሣሪያ ነው» ከማለት «በር የምትቆልፍበትና የምትከፍትበት ትንሽ ብረት ነው» ማለት ይሻላል። ስሜት ሲሆን ሁኔታውን አምጡ፦ «ብዙ ሮጠህ ስትመጣ ቁጭ በል ቁጭ በል ይልሃል፤ ያኔ ታየርድ ነህ።» «ታየርድ ማለት ድካም» ካላችሁት «አይ ሃቭ ታየርድ» ብሎ ይመጣል፤ ድካም ስም ነው፣ «ታየርድ» ግን ደክሞታል የሚለውን ነው የሚያክለው።

ሁለተኛው፣ ብዙዎች የሚዘሉት፣ «ያልሆነው» መስመር ነው። የደብተር ወረቀት ለአራት ቆርጣችሁ በአንድ ፊት ሥዕሉንና ቃሉን አስፍሩ። በጀርባው ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ከሥራቸው ደግሞ ቃሉ የማይገባበትን አንድ ነገር ጽፋችሁ በመስመር ሰርዙት። በ«ቶል» ካርድ ጀርባ ላይ ገመድ ተሥሎ ይሰረዛል። በ«ኦፕን» ካርድ ላይ ቴሌቪዥን። ልጁ ድንበሩን የሚያየው ከዚያ ከተሰረዘው ነው።

በቀን ከአምስት ቃል አትለፉ። ካርዱን በዚያው ቀን ማታ፣ በማግስቱ፣ በአራተኛው ቀን፣ ከዚያም በሳምንቱ አሳዩት፤ አንድ ጊዜ አሥር ጊዜ ከማስደገም በአራት ቀን አራት ጊዜ ማየት ይይዛል። ስትጠይቁት «ትርጉሙ ምንድን ነው?» አትበሉ፤ ይህ ጥያቄ ያንኑ የእኩል ይሆናል ምልክት መልሶ ያመጣዋል። «እዚህ ግቢ ውስጥ ሦስት ቶል ነገር አሳየኝ» በሉት። እንግሊዝኛ የማያውቁ ወላጅም ይህን መጠየቅ ይችላሉ፤ ልጁ ወደ ገመድ ካመለከተ ካርዱን ገልብጦ ማየት ነው።

አነባበቡን በፊደላችን ከቃሉ ጎን መጻፍስ? ይህ ጽሑፍ ለአንባቢ እንዲመች ሁሉንም በፊደል ጽፎታል። የልጁ ደብተር ላይ ግን ጉዳት አለው። የእንግሊዝኛው በግና የእንግሊዝኛው መርከብ በፊደላችን ሁለቱም «ሺፕ» ናቸው፤ የሚለያቸው የአናባቢው ርዝመትና ቅላጼ እዚያ ላይ አይታይም። ከዚያ በኋላ ልጁ በጉን ባሕር ላይ ሲያስኬድ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ቃሉን ደጋግሞ ማሰማት፣ ካልተቻለ በጉን መሣል ይሻላል።

ያንን ለሁለት የተሰመረ ገጽ ግን አትቅደዱት። በላጲስ የእኩል ይሆናል ምልክቶቹን አጥፉና በቦታቸው ቃሉ አብሮ የሚሄደውን ነገር አስገቡ፦ ሎንግ — ገመድ — ረጅም። ከሥሩ ቶል — ሰው — ረጅም። ሄቪ — ጆንያ — ከባድ። ሃርድ — ጥያቄ — ከባድ። ሦስተኛው ዓምድ ላይ አንድ ቃል ሁለቴ ሲመጣ ልጁ ራሱ ጣቱን አስቀምጦ «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ሲመጣ ቀጭኔዋን አሳዩት።